ራስ እምሩ፦ ተሸንፈው ያልተዋረዱ አርበኛ



በዚህ ዓምድ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ድል ያደረጉትን ነው። ዓድዋን እናነሣለን፤ ምኒልክን፣ ጣይቱን፣ አሉላንና ባልቻን እናወድሳለን። መልካም ነው። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን ትልቁን ጦርነታቸውን ተሸንፈው፣ እጃቸውን ሰጥተው፣ በባዕድ አገር ሰባት ዓመት ያህል ታስረው የኖሩ ናቸው። እኚህን ሰው የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መጠለያ ጣቢያ ከሚኖሩት አባቶችና አያቶች መካከል በወጣትነታቸው ጦር ሜዳ የዋሉ ጥቂቶች አይደሉም። የተሸነፈ ጦር አባል የነበሩም አሉ። ልጆቻቸው ስለዚያ ዘመን ሲጠይቋቸው አንገታቸውን ደፍተው ዝም የሚሉም አሉ። ስለዚህ ሽንፈት የሰው መጨረሻ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ጥያቄ የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጠናል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ራስ እምሩ የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎች እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱ፤ አባታቸው ኃይለ ሥላሴ አባይነህ የሚባሉ መኰንን ናቸው እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ አይደሉም። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ግን የሥጋ ዘመዳሞች ነበሩ። ያን ጊዜ ተፈሪ መኰንን ይባሉ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከራስ እምሩ የሚበልጡት በጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሁለቱም ያደጉት ሐረር ከተማ፣ በልዑል ራስ መኰንን ቤት እንደ ወንድማማቾች ሆነው ነው።

ራስ መኰንን ዓድዋ የዘመቱ፣ ወደ አውሮፓም ለመልእክት የሄዱ ሰው ስለ ነበሩ የትምህርትን ጥቅም ቀደም ብለው ተረድተው ነበር። ልጆቹ የአገራቸውን ትምህርት ከተማሩ በኋላ የፈረንሳይኛ ቋንቋ እንዲማሩ አደረጉ። ከመምህሮቻቸውም አንዱ አባ ሳሙኤል የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ፈረስ መጋለብና ጦር መወርወር ከቻለ ይበቃዋል ተብሎ ይታሰብ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሞቱ። በልጆቹ ልብ የዘሩት የመማር ፍቅር ግን አብሯቸው አልሞተም።

ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲሆኑ እምሩም በየጊዜው ሹመት እየተቀበሉ ሐረርን፣ ወሎን፣ በመጨረሻም በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ ጎጃምን አስተዳድረዋል። ወይዘሮ ጽጌ ማርያም በሻህን አግብተው ሰባት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ይህን የቤተሰብ ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሽሬ ግንባር

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ከደብረ ማርቆስ ተነሡ። የታዘዙት የትግራይን ምዕራባዊ ክፍል፣ የሽሬን ግንባር እንዲይዙ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ መኪና የለም፤ ወታደሩ ስንቁን በአህያና በሚስቱ ጀርባ አስጭኖ በእግሩ ይጓዛል። ገና ግንባር ሳይደርሱ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ጦራቸውን ይዘው ከድተው ወደ ጎጃም ተመለሱ። ራስ እምሩ ከፊታቸው ጠላት፣ ከኋላቸው ደግሞ ያመፀ አገር ይዘው ወደ ፊት ቀጠሉ።

በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ የራስ እምሩ ጦር የተከዜን ወንዝ ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉና ከተባለው መተላለፊያ ላይ ከጠላት ጋር ተገናኙ። ጠላት ትናንሽ ታንኮች ነበሩት። የእነዚህ ታንኮች መትረየስ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መዞር አይችልም ነበር። የእኛ ወታደሮች ይህን እንዳወቁ ከጎንና ከኋላ እየመጡ ታንኮቹ ላይ ወጡባቸው። መንገዱ ጠባብና ድንጋያማ ስለ ነበረ ታንኮቹ መሸሽም መዞርም አቃታቸው። በዚያ ቀን ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ጦር ታንክ የያዘውን አሸነፈ። ኢትዮጵያውያኑ እስከ እንዳ ሥላሴ ገፉ። በዚያ ጦርነት ውስጥ ጠላትን ወደ ኋላ ከመለሱት ጥቂት ቀናት አንዱ ይህ ነው።

ጠላት ግን በጀግንነት ሊመልሰው ያልቻለውን በመርዝ ሊመልስ ተነሣ። ታኅሣሥ 13 ቀን አውሮፕላኖች መጡ። ወታደሩ ቦምብ ለምዶ ስለ ነበር ለቦምብ እንደሚደረገው ተበታትኖ ተኛ። የወረደው ግን የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም። በርሜል የሚመስል ነገር ወድቆ ሲሰበር ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁና እግሩ፣ ፊቱም በእሳት እንደ ተቃጠለ ተላጠ። ሊታጠቡና ሊጠጡ ወደ ወንዙ የሮጡትም ውኃው ተመርዞ ነበርና ከእነርሱ ብዙዎቹ በወንዙ ዳር ቀሩ። ከብቶችና ከወታደሩ ጋር የማይቆጠሩ ገበሬዎችም አልቀዋል። ይህ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለው መርዝ ነው። እንዲህ ያለ መርዝ በጦርነት ላይ እንዳይውል በ1917 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ ኢጣልያም ፈርማለች። ራስ እምሩ ምን እንደ ሆነና ምን መድኃኒት እንዳለው የማያውቁት ነገር ወታደሮቻቸውን በዓይናቸው ፊት ሲጨርስ አዩ። ለቁስለኛው የሚሰጡት መድኃኒት፣ ለአውሮፕላኑ የሚተኩሱት መድፍ አልነበራቸውም።

ዋናው የሽሬ ጦርነት የካቲት 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። የራስ ሙሉጌታ ጦር በአምባ አራዶም፣ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር በተምቤን ከተሸነፉ በኋላ የኢጣልያው ማርሻል ባዶሊዮ ሙሉ ኃይሉን በራስ እምሩ ላይ አዞረ። የራስ እምሩ ጦር ለጥቂት ቀናት በብርቱ ተዋጋ። ጥይቱ ሲያልቅና መከበብ ሲቃረብ ወደ ተከዜ ማፈግፈግ ጀመሩ። ብዙ ሰው የሞተው በውጊያው ብቻ አይደለም፤ ወንዙን ሲሻገር ከአየር በተጣለበት ቦምብና መርዝ ጭምር ነው። ከዚያ ወዲያ ጦሩ ተበተነ። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ወደ ልጆቹ ሄደ። ከራስ እምሩ ጋር የቀረው ጥቂት ሰው ነበር።

ጎሬና ጥቁር አንበሳ

ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ የጠላት ጦር ከተማይቱን ያዘ። ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ተብለው ያልተያዘውን የምዕራቡን አገር ከጎሬ ሆነው እንዲመሩ ተሾሙ። ሹመቱ ትልቅ ነበር፤ ከሹመቱ ጋር የሚሄድ ግምጃ ቤትም ሆነ ጦር ግን አልነበረም።

በዚያው በምዕራብ ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። አባሎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና በውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች ናቸው። ሊቀ መንበሩም የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የጠላት አውሮፕላኖችን ያቃጠሉት፣ ጄኔራል ማሊዮኮንና አብረውት የነበሩትን የገደሉት እነዚህ ወጣቶች ናቸው። ማኅበሩ የራሱ ደንብ ነበረው። አባሎቹ በገበሬው ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ምርኮኛ እንዳያሠቃዩ፣ አገራቸውንም ጥለው እንዳይሰደዱ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ወጣቶቹ ራስ እምሩን መሪ እንዲሆኗቸው ለመኑ፤ ራስ እምሩም ተቀበሉ። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ የዘመድ ንጉሥ እንደራሴ፣ የልጆቻቸው እኩያ በሆኑ ተማሪዎች ደንብ ሥር ገቡ።

ኑሮው ግን እጅግ ከባድ ነበር። ዝናቡ ክረምቱን ሙሉ ወረደባቸው። የሚተካ ጥይት የለም። በዚያ አገር የሚኖረው ገበሬም በገባር ሥርዓት ብዙ ግፍ የደረሰበት ነበርና ከሸዋና ከጎጃም የመጣውን መሣሪያ የያዘ ሰው ሁልጊዜ እንደ ወገን አላየውም። ይህ መራራ እውነት ነው። ሕዝቡን በሰላሙ ጊዜ ያልያዘ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡን ሊያገኘው አይችልም።

እጅ መስጠት

ራስ እምሩና ተከታዮቻቸው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ከየአቅጣጫው በመጣ የጠላት ጦር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። ከእርሳቸው ጋር የነበረው ሰው የተራበ፣ የታመመና የቆሰለ ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. የተከታዮቻቸው ሕይወት እንዲተርፍ ተዋውለው እጃቸውን ሰጡ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ለምን እስከ መጨረሻው ተዋግተው አልሞቱም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ማንም ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀላሉ ሊሰጠው አይችልም። አንድ መሪ ለስሙ ሲል ሁሉንም ይዞ ሊሞት ይችላል፤ ወይም የእርሱ ስም ተነክቶ ሌሎቹ እንዲተርፉ ሊመርጥ ይችላል። ራስ እምሩ ሁለተኛውን መረጡ።

የሚያሳዝነው ውሉ አለመከበሩ ነው። ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ጠላትም ሦስት ቀን ሙሉ የከተማውን ሕዝብ ሲፈጅ ዋለ አደረ። በዚያን ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አባሎች ብዙዎቹ እየተለቀሙ ተረሸኑ። ከእነርሱም መካከል በእንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ይገኛሉ። ራስ እምሩ ያድኗቸው ዘንድ እጃቸውን የሰጡላቸው ልጆች አለቁ፤ እርሳቸው ቀሩ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ይህን ሸክም ያውቀዋል። ጥፋቱ ግን ቃሉን ያፈረሰው ወገን ነው እንጂ ቃል ያመነው ሰው አይደለም።

የጳንዛ ደሴት

ራስ እምሩ የታሰሩት ጳንዛ በምትባል በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትገኝ ትንሽ ደሴት ነው። ከግራና ከቀኝ ባሕር ነው፤ የሚሄዱበት የለም። በጎጃም መምህር የነበሩትና ከሽሬ ጀምሮ አብረዋቸው የዘመቱት ሐዲስ ዓለማየሁም እንደ እርሳቸው ተማርከው በኢጣልያ ታስረዋል። ትልልቆቹ ተማሪዎች እኚህን ሰው ታውቋቸዋላችሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ባዶውን አይወጣም ማለት ነው።

የዓለም ነገር ይገርማል። ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ በገዛ አገሩ ሰዎች ተያዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ታስሮ የተወሰደው ወደዚያችው ወደ ጳንዛ ደሴት ነው። ያረፈውም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው ይባላል። አሳሪው በታሳሪው ቦታ ገባ። ኢጣልያ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ጦር እጅዋን ስትሰጥ ራስ እምሩ ነጻ ወጡ፤ በ1936 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ።

ከእስር በኋላ

ከዚህ በኋላ ያለው የራስ እምሩ ሕይወት ሠላሳ ስድስት ዓመት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የጦርነቱን ዘመን ቢሆንም እኛ ግን ይህኛውን ዘመን ከዚያ አሳንሰን ልናየው አይገባም።

ራስ እምሩ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። ወደ ውጭ አገር መላካቸው ክብር ቢሆንም አሳባቸው ለቤተ መንግሥቱ የሚመች ስላልነበረ ራቅ እንዲሉ ነው የሚሉም አሉ። መሬት ለሚያርሰው ገበሬ ይሰጥ ብለው ያምኑ ነበርና። እምነታቸውንም በአፍ ብቻ አላስቀሩትም፤ ከራሳቸው መሬት ለጭሰኞቻቸው አከፋፍለዋል። ስለዚህ ሰዎች ቀዩ ራስ ይሏቸው ነበር። ከመሳፍንት ወገን ሆኖ እንዲህ ያደረገ ሰው በዚያ ዘመን በጣት የሚቆጠር ነው።

ብዕርም ያዙ። ፊታውራሪ በላይ የሚባል ልብ ወለድ ታሪክ ጽፈዋል። የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው ትተው ኖሮ ካየሁት ከማስታውሰው በሚል ርእስ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሟል። የጦር አዛዥ የነበረ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ድሉን ብቻ ማብዛቱ የተለመደ ነው። ራስ እምሩ ግን ያዩትን መከራና ሽንፈትም ለትውልድ አቆይተዋል።

ልጆቻቸውን በተመለከተ፣ በዚያ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ሴት ልጅን ለጋብቻ እንጂ ለትምህርት አያስባትም ነበር። የሰባት ሴቶች ልጆች አባት የሆኑት ራስ እምሩ ግን እንዲህ አላሰቡም። ልጃቸው ወይዘሮ ዮዲት እምሩ በውጭ ጉዳይ ሥራ ለከፍተኛ ማዕረግ ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት አንዷ ናቸው። ወንዱ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩም ተምረው በ1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። እዚህ ጣቢያ ውስጥ ሴት ልጁን ውኃ እንድትቀዳና ራሽን እንድትሰለፍ ብሎ ከትምህርት የሚያስቀር ወላጅ ካለ ይህን ነገር በእርጋታ እንዲያስበው እንለምነዋለን። ርስትም ሹመትም ጠላት ሲመጣ ይወሰዳል፤ ዕውቀት ግን ደሴት ላይም ቢያስሩት ከሰው ጋር ይኖራል።

የመጨረሻው ዘመን

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክሩ ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገናል ብለው በሬዲዮ አስነገሩ። የመረጧቸውም በሕዝቡ ዘንድ ስማቸው ንጹሕ ስለ ነበረ ነው። ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የልጅነት ባልንጀራቸውን አልቀጧቸውም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ስልሳ የሚሆኑ ባለሥልጣኖች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። መሳፍንትና መኳንንት ታሰሩ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ራስ እምሩን ግን የነካቸው አልነበረም። ነሐሴ 1972 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ሲሞቱ ያው የንጉሡን ቤት ያፈረሰው መንግሥት በክብር ቀበራቸው። ንጉሥ ያከበራቸውን፣ ንጉሥን ሊጥሉ የተነሡትም ያከበሯቸውን፣ ንጉሥን የጣለውም መንግሥት ያከበራቸውን ሌላ ሰው በታሪካችን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ቢያሸንፉ ኖሮ ስማቸው ዛሬ በየዘፈኑ ይጠራ ነበር። ሽንፈታቸውን እንደ ሽንፈት መናገር ደግሞ ውርደት አይሆንባቸውም። ሰው የሚዋረደው ጦር ሜዳ ሲሸነፍ ሳይሆን ከሽንፈቱ በኋላ ምሬትና ቂም ሲይዘው፣ ድኻውን ሲንቅ፣ ልጆቹን ማስተማር ሲተው ነው። ከጳንዛ የተመለሱት ራስ እምሩ ከእነዚህ አንዱንም አላደረጉም። ጥቁር አንበሳ መሰደድን ከልክሎ ነበር፤ መሪው ግን ሳይወዱ በግድ ባሕር ተሻግረው ተወሰዱ። ስለዚህ ከአገር ውጭ መገኘት ብቻውን የሰውን ማንነት አይወስንም፤ እዚያ ሆኖ ምን እያሰበና ምን እየሠራ እንደ ኖረ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ልጆች፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ወታደር ከነበሩ ያሸነፉበትን ብቻ አትጠይቋቸው። እንዴት እንደ ተረፉ፣ ማንን እንዳተረፉ፣ ማን እንዳተረፋቸውም ጠይቋቸው። ወላጆችም፣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ያልተነገረ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ለውይይት

1. ራስ እምሩ ጎጀብ ላይ እጃቸውን መስጠታቸው ትክክል ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።

2. የሽሬ ሽንፈት ምክንያቶች ምን ምን ነበሩ? ቢያንስ ሦስቱን ዘርዝሩ።

3. ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቃችሁ የሕይወት ታሪካቸውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ስማቸው እንዲጠቀስ ካልፈለጉ አትጥቀሱ።